ቫሊድ ነው ወይስ አይደለም? ከሎጂክ ክፍል እስከ ቤት ሽያጭ ውል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዋሳ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ከሚሠሩ ተማሪዎች ጋር ስቀመጥም፣ ከጎረቤት ጋር ቡና ስጠጣም ደጋግመው የሚመጡብኝን ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ሰድሬያቸዋለሁ።

ቫሊዲቲ በአማርኛ ምን ይባላል?

አንድ ቃል ብቻ የለውም። ባንክ ስትሄዱ የምትጠየቁት "የታደሰ መታወቂያ" ነው። ሐዋሳ ከተማ ሲጫወት የመስመር ዳኛው ባንዲራ ካላነሳ ጎሉ ይጸድቃል፤ ካነሳ ይሻራል። ጠበቃ ዘንድ ደግሞ ውሉ "የጸና ነው" ወይም "ፈራሽ ነው" ይባላል። የምርምር አማካሪ ሲሆን "የመጠይቅህ ተገቢነት እንዴት ተረጋገጠ?" ይላል። አራቱም ጋ እንግሊዝኛው ያው ቫሊድ ነው።

ይሄን የቋንቋችን ጉድለት አድርገው የሚያዩ አሉ። እኔ ግን ጥቅም ነው ብዬ አምናለሁ። ቃሉ የመጣው ከላቲን ነው፤ ቫሊዱስ ማለት ብርቱ ማለት ነው። የኛም "ጸና" ከዚያ አይርቅም። ታዲያ ብርቱ የሆነው ለምኑ ነው? ኩንታል ተሸክሞ የሚሮጥ ሰው ሐይቅ ውስጥ ቢገባ ላይዋኝ ይችላል። ስለዚህ አንድ ነገር ቫሊድ ነው ወይ ስትባሉ መጀመሪያ "ለምን ጉዳይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ሁሉ የሚነሱት ከዚህች ጥያቄ ነው።

ሎጂክ ላይ ቫሊድ ማለት እውነት ማለት አይደለም እንዴ?

አይደለም። በአመክንዮ አንድ ሙግት ቫሊድ የሚባለው፣ መነሻዎቹ እውነት ቢሆኑ መደምደሚያው በምንም መንገድ ውሸት ሊሆን የማይችል ሲሆን ነው። "ቢሆኑ" የምትለዋን ቃል አትለፏት። ይሄን እዩ፦ ባጃጅ ሁሉ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ትናንት ከፒያሳ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ነው። ስለዚህ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ውሸት ነው፣ መደምደሚያውም ውሸት ነው። ሙግቱ ግን ቫሊድ ነው፤ ከመነሻው ወደ መደምደሚያው የሚወስደው መንገድ ቀዳዳ የለውም።

አሁን ደግሞ ይሄን እዩ፦ ባጃጅ ሁሉ ሦስት ጎማ አለው። በራችን ላይ የቆመው ተሽከርካሪ ሦስት ጎማ አለው። ስለዚህ ባጃጅ ነው። ወጥታችሁ ስታዩት እውነትም ባጃጅ ሊሆን ይችላል። ሙግቱ ግን ቫሊድ አይደለም። ዕቃ የሚጭን ባለሦስት ጎማ ሞተርም ሊሆን ይችል ነበራ! ከተጠራጠራችሁ ቅርጹን ሳትነኩ ቃላቱን ብቻ ቀይሩ፦ ላም ሁሉ አራት እግር አላት፣ ፍየሏ አራት እግር አላት፣ ስለዚህ ፍየሏ ላም ናት። ስህተቱ ወዲያው ፊት ለፊት ይመጣል። ፍሬሽማን ተማሪዎችን ከፈተና በፊት የማለማምደው በዚህ ዘዴ ነው።

ቫሊድ ሆኖ መነሻዎቹም እውነት ሲሆኑ ሙግቱ ሳውንድ ይባላል። እውነትን የምትፈልጉ ከሆነ የምትፈልጉት እሱን ነው።

ሪላያቢሊቲ እና ቫሊዲቲ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

አንድ ሥጋ ቤት ገብታችሁ ሚዛኑን ባዶውን አያችሁት እንበል። ምንም ሳይጫንበት መርፌው 200 ግራም ላይ ቆሟል። በዚህ ሚዛን አንድ ኪሎ ሥጋ አሥር ጊዜ ብታስመዝኑ አሥሩንም ጊዜ 1 ኪሎ ከ200 ይላል። አይዋዥቅም። ሪላያብል ወይም አስተማማኝ የሚባለው ይሄ ነው። ልኩን ግን አይናገርም፤ ስለዚህ ቫሊድ አይደለም። ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ይሳሳታል፣ እናንተም ሁልጊዜ ለ200 ግራም አየር ትከፍላላችሁ።

አንዴ 800፣ አንዴ 1 ኪሎ ከ300 የሚል ሚዛንስ? እሱማ ለምንም አይሆንም። ለዚህ ነው አስተማማኝነት ለተገቢነት የግድ ያስፈልጋል፣ ብቻውን ግን አይበቃም የሚባለው።

ክሮንባክ አልፋዬ 0.83 ወጣ። መጠይቄ ቫሊድ ነው ማለት ነው?

አይደለም። ይሄን ጥያቄ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በፈታኞች ፊት በሚያቀርቡበት በዲፌንስ ሰሞን ደጋግሜ እሰማዋለሁ፣ በሰማሁት ቁጥርም ያሳዝነኛል። ተማሪው ሌሊት ኤስፒኤስኤስ የተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ ሲለፋ አድሮ ነው የሚመጣው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሊ ክሮንባክ በ1951 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ይህ ቁጥር የሚነግራችሁ ጥያቄዎቹ እርስ በርሳቸው ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ ነው። ይህ የአስተማማኝነት ጉዳይ ነው፤ የሚዛኑ መርፌ አይዋዥቅም እንደማለት።

የሥራ እርካታን ለመለካት አሥር ጥያቄ አዘጋጃችሁ እንበል። አሥሩም ስለ ደመወዝ ናቸው። ደመወዙ ያነሰበት ሰው አሥሩንም በአንድ ዓይነት ይሞላቸዋል፣ አልፋውም ከፍ ይላል። የለካችሁት ግን ሰውየው በደመወዙ መርካቱን ብቻ ነው። አለቃው፣ የሥራ ሰዓቱ፣ ዕድገቱ የሉበትም። ሌላም ነገር አለ፦ የጥያቄዎቹ ቁጥር ሲጨምር አልፋም የመጨመር ባሕርይ አለው። 0.95 ሲወጣላችሁ ከመደሰታችሁ በፊት አንድን ጥያቄ በተለያየ ቃል ደጋግማችሁ እንዳልጠየቃችሁ እዩ።

የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ምዕራፍ ሦስት ላይ አስተማማኝነትንና ተገቢነትን በየአንቀጻቸው ለዩአቸው። በአስተማማኝነቱ ሥር የፓይለቱን፣ ማለትም የሙከራ ጥናቱን፣ አልፋ ጻፉ። በተገቢነቱ ሥር ደግሞ መጠይቁን ማን እንዳየው፣ የትኛው ጥያቄ እንደወጣ፣ የትኛው እንደተስተካከለና ለምን እንደሆነ ጻፉ። "ለአማካሪዬ አሳይቻለሁ" የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ማስረጃ አትሆንም።

ፌስ፣ ኮንቴንት፣ ክራይቴሪየን፣ ኮንስትራክት ቫሊዲቲ... ሁሉንም ማሟላት አለብኝ?

የመንጃ ፈቃድ ፈተናን አስቡ። ሲያዩት የመንዳት ፈተና ይመስላል? ያ ፌስ ነው። ወደ ኋላ መንዳት፣ ማቆም፣ ምልክት ማንበብ ሁሉም ተካተዋል? ኮንቴንት ነው። ያለፉት ሰዎች መንገድ ላይ ሲወጡ ከወደቁት የተሻለ ይነዳሉ? ክራይቴሪየን ነው። ፈተናው የሚለካው በጥንቃቄ የመንዳት ችሎታን ነው ወይስ ኮኖቹ የተደረደሩበትን መስመር በቃል መያዝን? ኮንስትራክት ማለት ይሄ ነው። ከባዱም እሱ ነው።

ኮንስትራክት የሚለውን ሐሳብ ክሮንባክና ፖል ሚል በ1955 እ.ኤ.አ. አብራርተው ጻፉት። በ1989 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሌላው የሥነ ልቦና ምሁር ሳሙኤል ሜሲክ እነዚህ ሁሉ የአንድ ነገር ማስረጃዎች ናቸው፣ የተለያዩ ቫሊዲቲዎች አይደሉም ብሎ ተከራከረ። ቫሊድ የሚሆነውም ፈተናው ራሱ አይደለም፤ ከውጤቱ ተነስተን የምንሰጠው ትርጉምና የምናደርገው ውሳኔ ነው አለ። ዛሬ የፈተና ባለሙያዎች በአብዛኛው የሚሄዱት በዚህ ነው። ስለዚህ አራት ሳጥን ላይ ራይት ማድረግ አይጠበቅባችሁም። ልትሉ ላሰባችሁት ነገር የሚመጥን ማስረጃ አምጡ።

የተመሰከረለትን የእንግሊዝኛ መጠይቅ ተርጉሜ ብጠቀም ቫሊዲቲው አብሮ ይመጣል?

አብሮ አይመጣም። ምሳሌዬ "ድብርት" ናት። ቃሏ ለረጅም ጊዜ ለዲፕሬሽን ትርጉም ሆና ቆይታለች። እስቲ ከዋናው ግቢ የሚወጣ ተማሪ አቁማችሁ "ባለፉት ሁለት ሳምንታት ደብሮህ ነበር?" በሉት። "ኧረ ዛሬም ክላሱ ደብሮኛል" ቢላችሁ አትገረሙ። ለሱ መደበር መሰልቸት ነው። አስተማሪም ይደብራል፣ ፊልምም ይደብራል። በዚህ ጥያቄ መቶ ተማሪ ብትጠይቁ ብዙ በሽተኛ ታገኛላችሁ፤ የለካችሁት ግን መሰልቸትን ነው። አሁን ባለሙያዎች "ድባቴ" ማለት ያበዙት ያለ ምክንያት አይደለም።

ለዚህ ነው አንዱ የተረጎመውን ሌላ ሰው፣ ዋናውን ሳያይ፣ ወደ እንግሊዝኛ የሚመልሰው። ሁለቱ እንግሊዝኛዎች ካልተገናኙ ችግሩ የት እንዳለ ይታያል። እኔ ከዚህም በላይ የምወደው አምስት ስድስት ሰው አስቀምጦ "ይሄ ጥያቄ ምን እየጠየቀህ ነው? በራስህ አባባል ንገረኝ" ማለትን ነው። በአማርኛም ሆነ በሲዳሙ አፎ ስትሠሩ ይህን አትዝለሉ። ፒኤችኪው-9 የተባለው የድባቴ መጠይቅ በአማርኛ ተዘጋጅቶ አዲስ አበባ ውስጥ በሆስፒታል ታካሚዎች ላይ ተፈትሾ ውጤቱ በ2013 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ያ ሥራ ትልቅ ውለታ ነው። ለሐዋሳ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም ይሠራል ለማለት ግን ማሳየት ይጠበቅባችኋል።

ኢንተርናልና ኤክስተርናል ቫሊዲቲስ?

ኢንተርናሉ "ለውጡን ያመጣው እውነት እኛ ያደረግነው ነገር ነው?" ይላል። ኤክስተርናሉ "ሌላ ቦታስ ይሠራል?" ይላል። ዶናልድ ካምቤልና ጁልያን ስታንሊ በ1963 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ ይህ አከፋፈል በሰፊው ታወቀ።

ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ለአንድ ሼድ ሠራተኞች ሥልጠና ተሰጠ፣ ከሁለት ወር በኋላ መቅረት ቀነሰ እንበል። በዚያው ወር የትራንስፖርት ሰርቪስ ተጀምሮ ከሆነ ምስጋናው ለማን ነው? ይህን ካልለያችሁ ኢንተርናሉ የለም። ከለያችሁም በኋላ ውጤቱን አንስታችሁ አዳማ ሆቴሎች ውስጥ ለሚሠሩ ሰዎች አትስጡት። የፓርኩ ሠራተኞች አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፣ ሥራውም ስፌት ነው። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጠቁም፦ መጠይቁን የሚያድለው ሱፐርቫይዘሯ ከሆነች፣ ልጅቷ "በአለቃዬ ረክቻለሁ" የሚለውን ከመሙላት ውጪ ምን ምርጫ አላት? ራሳችሁ አድሉ፣ ራሳችሁ ሰብስቡ።

የሠራሁት ቃለ መጠይቅ ብቻ ነው። ቫሊዲቲ ይመለከተኛል?

ይመለከታችኋል፣ በሌላ ስም ግን። ሊንከንና ጉባ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1985 እ.ኤ.አ. ለአይነታዊ ምርምር ከቫሊዲቲ ይልቅ ታማኝነት የሚል መለኪያ አቀረቡ። ትርጓሜያችሁን ለተናጋሪዎቹ መልሳችሁ አሳይታችኋል? ከአንድ በላይ ምንጭ ተጠቅማችኋል? የሄዳችሁበትን መንገድ ሌላ ሰው ሊከተለው ይችላል? እነዚህን በደንብ ከመለሳችሁ አልፋ የሚጠይቃችሁ ፈታኝ ቢመጣም አትደንግጡ።

ቤት ስገዛ በሦስት ሽማግሌ ፊት ተፈራርመናል። ውሉ የጸና ነው?

በዚህ ብቻ እርግጠኛ አትሁኑ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1678 አንድ ውል እንዲጸና ሦስት ነገር ይፈልጋል። ተዋዋዮቹ ችሎታ ኖሯቸው በነጻ ፈቃዳቸው መስማማት አለባቸው። የተዋዋሉበት ጉዳይ በበቂ የታወቀ፣ የሚቻልና ሕጋዊ መሆን አለበት። ሕጉ የተለየ ፎርም ካዘዘ ደግሞ በዚያ ፎርም መደረግ አለበት። ቁጥር 1723 ለማይንቀሳቀስ ንብረት ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መሆንን ይጠይቃል። ይህ ሳይሟላ የተፈረመ የቤት ሽያጭ ፍርድ ቤቶችን ለዓመታት አከራክሯል። በክርክሩ መሐል ቤቷን ያጣች እናት ከመሆን አስቀድሞ ውልና ማስረጃ መሄድ ይሻላል።

በተለይ የከተማው ዳርና ዳር ላይ ቦታ የምትገዙ ሰዎች ይህን ልብ በሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። ወረቀቱ ላይ "ባዶ መሬት ሸጬለታለሁ" ተብሎ ከተጻፈ ጉዳዩ ራሱ ሕገ ወጥ ነው። ምስክሮቹ ሦስት ሆኑ ሠላሳ፣ ሻጩ አሻራ አደረገ ፊርማ፣ አያጸናውም። ሁሉም ሰው እውነቱን ተናግሯል፣ ገንዘቡም ተቆጥሯል፤ ውሉ ግን ፈራሽ ነው። ከሎጂኩ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው፦ እውነት መሆን አንድ ነገር ነው፣ መጽናት ሌላ።

የወባ ምርመራዬ "ኢንቫሊድ" ነው ተባልኩ። ወባ የለብኝም ማለት ነው?

የለባችሁም ማለት አይደለም፣ አለባችሁም ማለት አይደለም። ጤና ጣቢያ ውስጥ ጣታችሁን ወግተው ደም የሚያንጠባጥቡባት ትንሽ ነጭ ፕላስቲክ ላይ ሲ የተባለ የመቆጣጠሪያ መስመር አለ። እሱ ካልመጣ መሣሪያው አልሠራም። ደሙ አንሶ ይሆናል፣ ኪቱ ሙቀት መቶት ይሆናል። ሌላው መስመር ቢታይም ባይታይም አይነበብም። በአዲስ ኪት ይደገም።

ሲ መስመሩ መጣ ማለትም ሁሉም አለቀ ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ኪቶች ፋልሲፓረም የተባለውን የወባ ዝርያ የሚይዙት ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን ፈልገው ነው። ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረመል የጠፋባቸው ጥገኛ ተሕዋስያን ኤርትራ ውስጥም እኛ አገርም ተገኝተዋል። ኪቱ በትክክል ሠርቶ እነሱን ላያያቸው ይችላል። ኔጌቲቭ ተብላችሁ ትኩሳቱ ካልለቀቃችሁ ተመለሱና በማይክሮስኮፕ ይታይላችሁ።

ፖዘቲቭ ከተባልኩስ በእርግጥ ታምሜያለሁ?

በሕክምና የምርመራ ቫሊዲቲ ሁለት ፊት አለው። አንዱ ታማሚውን የመያዝ ብቃት ነው፣ ሌላው ጤነኛውን በሰላም የመልቀቅ ብቃት። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 1000 ሰው ተመረመረ፤ 20ው ታማሚ ነው። ምርመራው ከታማሚዎቹ 90 በመቶውን ይይዛል፤ 18 ሰው። ከ980ው ጤነኛ 95 በመቶውን በትክክል ነጻ ይላል፤ 49 ሰው ግን ሳይታመም ፖዘቲቭ ይባላል። ስለዚህ ፖዘቲቭ ከተባሉት 67 ሰዎች በእርግጥ የታመሙት 18ቱ ብቻ ናቸው።

ኪቱ አልተበላሸም። በሽታው ብዙ በሆነበት ሰፈር ያው ኪት ያው ፖዘቲቭ የበለጠ ይታመናል። ለዚህ ነው ሐኪሙ ምልክቱን የሚጠይቀው፣ ማረጋገጫም የሚያዘው። "ማሽኑ ተናገረ፣ አለቀ" አትበሉ።

ድረ ገጹ የልደት ቀኔን "ኢንቫሊድ" ይለኛል። የት ተሳሳትኩ?

ላትሳሳቱ ትችላላችሁ። የካቲት 30 የተወለደ ሰው በኛ አቆጣጠር ትክክለኛ ቀን አለው፤ የካቲትን ፌብሩዋሪ ብሎ ከሞላ ግን በፈረንጆች የተሠራው ፎርም 2ኛ ወር ላይ 30 ቀን የለውም። ጳጉሜን ደግሞ 13ኛ ወር ስለሆነች ጭራሽ አያውቃትም። በራሳችን አቆጣጠር ስንሄድም ጳጉሜን 6 በ2015 ነበረች፣ በ2016 አልነበረችም። ፎርም የምትሠሩ ወጣቶች፣ እባካችሁ ይህን አስቡበት። ደግሞም ኮምፒውተሩ "ቫሊድ" ሲል ቅርጹ ልክ ነው ማለቱ ብቻ ነው፤ በዚያ ቀን መወለዳችሁን አያውቅም።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ያለፈው 3 በመቶ ብቻ ከሆነ ፈተናው ቫሊድ ነው ሊባል ይችላል?

በ2014 ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ። ልጁ የወደቀበት ወላጅ ይህን ሲጠይቀኝ ቶሎ መመለስ ይከብደኛል። የማለፍ ቁጥር ማነሱ ብቻውን ፈተናውን ኢንቫሊድ አያደርገውም። ትኩሳት 40 ቢያሳይ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል አንልም። እንዲያውም ከ2014 ጀምሮ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው የተፈተኑት ኩረጃን ለማስቀረት ነው። ኩረጃ ራሱ የቫሊዲቲ ጠላት ነው፤ የተኮረጀ 80 የልጁን እውቀት አይናገርም።

ጥያቄው መቆም ያለበት ግን ውጤቱ ለምን እንደዋለ ላይ ነው። "ይህ ተማሪ ዛሬ ላይ ይህን ያህል ያውቃል" ለማለት ከሆነ ማስረጃው አንድ ዓይነት ነው። "ይህ ተማሪ ሰነፍ ነው" ለማለት ከሆነ ግን ሌላ ነው። የፊዚክስ መምህር ሳይኖረው፣ ላብራቶሪ ሳያይ፣ በኮቪድና በጦርነት ትምህርቱ ተቆራርጦበት የመጣ ልጅ ውጤት ስለ ልጁ ብቻ አያወራም፤ ስለ ትምህርት ቤቱም ያወራል። ያው ወረቀት ለመጀመሪያው ትርጉም ጸንቶ ለሁለተኛው ሊፈርስ ይችላል። ልጃችሁን ውጤቱ ሲመጣ ስታናግሩት የትኛውን ትርጉም እንደያዛችሁ እዩ።

ፍትሐዊ ያልሆነ ሕግ ቫሊድ ሊሆን ይችላል?

የሕግ ፈላስፎች እዚህ ላይ ለሁለት ይከፈላሉ። እንደ ሃርት ያሉት የሕግ መጽናት የሚለካው ሥልጣን ባለው አካል፣ በታወቀው ሥርዓት በመውጣቱ ነው ይላሉ፤ መጥፎ ሕግም ሕግ ነው፣ መጥፎነቱን ግን እንቃወመው። ከጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አባት ከኦገስቲን ጀምሮ ያሉት የተፈጥሮ ሕግ ሰዎች ግን ፍትሕ የሌለው ሕግ ሕግ አይመስለኝም ባዮች ናቸው። እኔ ወደ መጀመሪያዎቹ አደላለሁ። ሁለቱን ጥያቄ ለየብቻ ብንይዛቸው አንድን ሕግ "ጸንቷል፣ ግን ያሳፍራል" ማለት እንችላለን። ያ ነጻነት ያስፈልገናል።

እኛ አገር ደግሞ ጉዳዩ በሐሳብ ብቻ አይቀርም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ከሱ ጋር የሚቃረን ሕግም፣ ልማዳዊ አሠራርም፣ የባለሥልጣን ውሳኔም ተፈጻሚነት የለውም ይላል። ተቃርኗል ወይስ አልተቃረነም የሚለውን የሚወስነው ደግሞ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ አጥንቶ ያቀርብለታል። እዚያ የምትቀርቡ ከሆነ "ፍትሐዊ አይደለም" የሚለው ቅሬታ ብቻውን አያስኬድም። የትኛውን አንቀጽ እንደጣሰ ጠቁማችሁ ማቅረብ አለባችሁ።